ፀሐይን በተራ የሚካፈሉ ሰዎች

ወንድሜ ከድር ቴፒ ወርዶ ቡና ገበሬ ከሆነ ወዲህ "እትዬ፣ መጥተሽ እይልኝ" እንዳለኝ ነው። እኔም "በርበሬው ይድረስ፣ በርበሬው ይሸጥ" እያልኩ አላባ ቁሊቶ ሱቄን ጠብቄ ከረምኩ። ዘንድሮ በጥቅምት ደውሎ የነገረኝ ግን ሌላ ነው። ሚስቱ ሳዓዳ ከብዳለች። ከዚህ በፊት ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም ወርዶባታል፤ ይሄኛው ስምንተኛ ወሩን ይዟል። እናቷ በሕይወት የሉም። "አንቺ ከጎኗ ከሆንሽ ይጸናላታል፤ እኔን ቡናው ይዞኛል" አለኝ። ድምፁ የልጅነቱን ድምፅ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ሱቁን ለልጄ ጥዬ ሻንጣዬን አሰርኩ።

ከተመለስኩ ጀምሮ ጎረቤቶቼ "እስቲ ያየሽውን አውሪን" እያሉ አላስቀምጥ ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። የእኛ አገር ሰው ውሃ የሚጠጣው በአህያ ጋሪ ተጭኖ ሲመጣለት ነው። ሲዘንብ ጉድጓዱንም ድስቱንም ያሰናዳል። ስለዚህ "ውሃ የጠገበ አገር" ሲባል ጀነትን የነገሩት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ

ከቁሊቶ መናኸሪያ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ለሳዓዳ ቅቤና የገንፎ እህል፣ ለከድር አንድ ከረጢት የተፈጨ በርበሬ ይዣለሁ። የአላባ ሰው ያለ በርበሬ ዘመድ ሊጠይቅ ከሄደ ምን ሊባል ነው? ረዳቱን "ቀስ አድርገህ አስቀምጠው" አልኩት። እሱ ለማን ሊሰማ! ወርውሮ ወንበር ሥር ወሸቀው። ከሶዶ አልፈን የዳውሮ ጠመዝማዛ ሲጀምር ከረጢቱ ተቀደደ። በየመታጠፊያው በርበሬው ቦነነ፤ መኪናው ሙሉ ሰው ያስነጥስ ጀመር። ሾፌሩ ሳይቀር እንባውን እየጠረገ ነዳ።

"እህቴ፣ ይሄ በርበሬ ለወጥ ነው ወይስ ለጦርነት?" አሉ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ። መኪናው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጦፌያለሁ፤ ረዳቱን የማይረሳውን ስድብ አቀመስኩት። ተርጫ ላይ ለምሳ ስንቆም እኚሁ ሽማግሌ የራሳቸውን ዕቃ ከፌስታል አውጥተው፣ ወንበር ሥር ተንበርክከው የፈሰሰውን በርበሬ በፌስታላቸው አብረውኝ አፈሱ። "እኔም ልጅ ልጠይቅ ነው የምሄደው፤ ባዶ እጅ መድረስን አውቀዋለሁ" አሉኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም፤ ጅማ ስንደርስ በግርግር ተለያየን።

ጅማ አደርኩ። ስለ ጅማ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደክሞኝ ነበርና እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን። ሱብሃነላህ! አረንጓዴ አይቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው። እኛ ጋ በጥቅምት ሣሩ ገርጥቶ፣ አቧራው መነሳት ጀምሮ ነው የሚገኘው። እዚህ ዛፉ ዛፍ ላይ ወጥቷል፤ ግንዱ ላይ ሌላ ቅጠል፣ ቅጠሉ ላይ ሌላ ተክል። ዝናቡም "ልዝነብ ወይ?" ብሎ አያስጠነቅቅም። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ስዘፈዘፍ አጠገቤ ያለች የቦንጋ ልጅ "እትዬ፣ ይዝጉት እንጂ፣ አራሱን እኮ!" ስትል ተቆጣችኝ። የእኛ ልጆች ዝናብ ሲመጣ ወደ ደጅ ይሮጣሉ፤ እነዚህ መስኮት ይዘጉበታል። ገረመኝ።

ሚዛን አመሻሽ ላይ ደረስን። መናኸሪያው አቅራቢያ አንድ አልጋ ቤት ያዝኩ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል ሳይሆን ይደፋል፤ እርስ በርስ መሰማማት አልቻልንም። ለመግሪብ ውዱእ ላደርግ ቧንቧውን ብከፍተው "ፍስስ" አለና ዝም። ደግሜ ከፈትኩ። ጠብታ የለም! ከላይ ጎርፍ፣ ከታች ደረቅ ቧንቧ። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት የስልጤ ሴት ናት፤ ሚዛን ወልዳ ያሳደገች። ጮኼ ስጠራት ከወጥ ቤቷ አንድ ባልዲ ውሃ ራሷ ተሸክማ መጣች።

"ዝናብ እያለ ውሃ የለም ይባላል?" አልኳት።

"መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ይቆማል" አለችኝ። "ዝናብ እኮ ቧንቧ ውስጥ ዘሎ አይገባም እህቴ።"

እኛ ጋ አላባ ውስጥ ውሃ የሚቋረጠው ውሃ ስለሌለ ነው። ውሃ እያለ ውሃ ማጣት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ሴትየዋ ከአልጋው ሂሳብ በቀር ለባልዲውና ላበላችኝ ራት ምንም አልቀበልም አለች። "የስምንት ወር እርጉዝ ልትጠይቂ ሄደሽ እኔ ገንዘብሽን ልብላ?" ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋን ወደድኩላት።

ረቡዕ

ከሚዛን ቴፒ ሩቅ አይደለም። መኪናው በሙዝና በቡና መሃል ሲሽሎከሎክ ቆይቶ ቴፒ አውርዶኝ ሄደ። ከድር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከስቷል። ዓይኑ ቀልቷል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ "እትዬ፣ ወፍረሻል" አለኝ። እኔም "አንተ ደግሞ አልቀሃል" አልኩት። እህትና ወንድም እንደዚህ ነው ሰላም የሚባባለው።

መንደሩ መኪና አይገባም። ሁለት ሞተር ተከራየ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሱና ለሻንጣዬ። ጭቃው እንዴት ያለ ጭቃ መሰላችሁ! የእኛ ጭቃ ጫማ ይይዛል፤ ይሄኛው ሰው ይይዛል። አንድ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ከነባለቤቱና ከነእኔ ተንሸራቶ በጎናችን ወደቅን። ምንም አልሆንኩም፤ ከአንገቴ በታች ግን ጭቃ ሆንኩ። ባለሞተሩ "እናቴ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ሊያለቅስ ደረሰ። "ተነስ፣ ከዚህ የባሰ የት እወድቃለሁ" አልኩት።

ሳዓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። የጅማ ወገን ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ። ሆዷ ቀድሟት መጣ። ጭቃዬ ሳያስጠላት አቀፈችኝ፤ ከዚያ ሮጣ አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አመጣችልኝ። "እትዬ፣ ይታጠቡ" አለችኝ። ጀሪካኑን አንስቼ አንቆረቆርኩት። ወላሂ፣ አላባ ብሆን ያን ያህል ውሃ ለሰርግ ነው የማወጣው! ግን ውሃ አገር መጥቻለሁ፤ ለምን እቆጥባለሁ? እግሬን ሁለቴ ታጠብኩ፤ ልብሴንም አለቀለቅኩ።

"ውሃውን ማን ነው የሚያመጣላችሁ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"የጎረቤት ልጆች" አለችኝ፣ ወደ ጎን እያየች።

ራት የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ነበር፣ ከማር ጋር። ጎደሬ ስሩ ድንች የሚመስል ነው፣ ሲበሉት ግን ከድንች ይከብዳል። ከዚያ ጎረቤት የሆኑት አቶ በየነ የሚባሉ የሸኮ ሽማግሌ "እንግዳ መጣ ሲሉ ሰማሁ" ብለው ጨሞ ይዘው መጡ። ጨሞ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ የቡና ቅጠል ነው! ቅጠሉን በዝንጅብልና በሚጥሚጣ አፍልተው ይጠጡታል። ቡናውን ይሸጣሉ፤ ቅጠሉን ይጠጣሉ። እኔ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ፤ ምላሴን የሚያቃጥል ነገር በአላባ ምድር አልተገኘም። በመጀመሪያው ፉት ግን ጆሮዬ ጮኸ። አቶ በየነ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። "ገና ነው፣ ገና ነው፣ ሁለተኛው ይጣፍጣል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሦስት ጠጣሁ።

ከድር ራት በልቶ ወጣ። "የት ነው?" ስል "ቡናው ጋ ያድራል" አለች ሳዓዳ። ጠባቂ ከሌለ እንስሳም ሰውም ይነካዋል። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነውና ነገሩ፣ አልገረመኝም።

ሐሙስ

ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ማሰሮው ሙሉ፣ ጀሪካኖቹ ሙሉ ሆነው አገኘሁ። ውዱእ አድርጌ፣ ሰግጄ፣ ገላዬንም ታጠብኩ። "እነዚህ የጎረቤት ልጆች እንዴት ያሉ የተባረኩ ናቸው" አልኩ። ሳዓዳ ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ከዚያ አካባቢውን ላይ ብዬ ወጣሁ። ቤቱ አጠገብ አንድ ቦኖ አለ፤ ከላዩ ትልቅ ሮቶ በብረት ማማ ላይ ተቀምጧል። ቦኖውን ከፈትኩት። ደረቅ ነው። ዝገት ጀምሮታል። አንዲት ሴትዮ ጀርባዋ ላይ ጀሪካን አዝላ ከገደሉ ስትወጣ አየሁ፤ ላቧ ከዝናቡ ተለይቶ ይታያል። ቁልቁል ሄጄ አየሁ። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው፤ በሲሚንቶ የጎለበተ፣ ጥርት ያለ ውሃ። መንገዱ ግን መንገድ አይባልም፤ የሚያዳልጥ ደረጃ ነው፤ ወጥቼ ስጨርስ ትንፋሽ አጣሁ። አጠገቡ ፓምፕ ተቀምጧል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

ፓምፕ አለ። ሮቶ አለ። ቦኖ አለ። ሴቶቹ ግን በጀርባቸው ያወጣሉ! ደሜ ፈላ። ወደ አቶ በየነ ሄድኩ።

"ይሄ ፓምፕ ተበላሽቶ ነው?"

"አይ፣ ደህና ነው" አሉ።

"ታዲያ?"

"በፀሐይ ነው የሚሠራው። ነይ ላሳይሽ።"

ጥቅጥቅ ባለው ቡናና ዛፍ መሃል ወሰዱኝ። ድንገት ሰማይ ታየ። አንድ ገላጣ ቦታ ነው፤ ከአንድ የሰርግ ድንኳን ብዙም አይበልጥም። የመንደሩ ሰው የቡና ማድረቂያ አልጋዎች፣ ያው በእንጨት እግር ላይ ሽቦ የተወጠረባቸው፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ላያቸው ላይ ቀይ ቡና። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ከድር ላስቲኩን ገልጦ በእጁ ያገላብጣል። ከጫፍ በኩል፣ ትልቅ ዋንዛ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ነገር ተደግፏል።

"ያ ምንድን ነው?"

"ሶላሩ ነዋ" አሉ አቶ በየነ። "እንዳይሰበር ጥላ ሥር አደረግነው።"

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ሶላሩን ጥላ ሥር! እኔ አላባ ማሳዬ ላይ ሶላር አለኝ፤ ጎረቤቶቼም አላቸው፤ ስንተክለው ከዛፍ እንዴት እንደምናሸሸው አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች በላስቲክ ጠቅልለው ዛፍ ሥር አስተኝተውታል። ቃል አጥቼ ቆምኩ። ከዚያ ግን ቃሉ መጣልኝ፤ ብዙ ቃል መጣልኝ። አቶ በየነ እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶላሩን የተከሉት የፕሮጀክት ሰዎች የመጡት በበጋ ነው፤ ያኔ ገላጣው ባዶ ነበር። መሃሉ ላይ፣ ፀሐይ ቀድማ የምትገባበትና አርፍዳ የምትወጣበት ቦታ ላይ ተከሉት። ውሃው ለወራት ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ቡናው ሲቀላ ግን ቦታው ተፈለገ። መንደሩ ሁሉ ጫካ ነው፤ ቡናው ዛፍ ሥር ነው፣ ቤቱ ዛፍ ሥር ነው። ፀሐይ መሬት የምትነካው እዚያች ገላጣ ላይ ብቻ ነው። እሷንም ከጥንት ጀምሮ በተራ ነው የሚካፈሏት፤ የአንዱ ቤት ቡና ሲደርቅ የሌላው ይገባል። የፀሐይ ተራ! እኛ አላባ የውሃ ተራ እንይዛለን፤ በጀሪካን ሰልፍ እንጣላለን። እዚህ ሰው በፀሐይ ይጣላል። ጭንቅላቴ ዞረ።

"ታዲያ ዛፉን ቁረጡታ!" አልኩ።

ከድር ማገላበጡን አቆመ። አቶ በየነ ዋንዛውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። "ይሄ ሲቆረጥ ሥሩ ያለው ቡና ይቃጠላል። ላዩ ያለው ቀፎዬ ይወርዳል። ምንጩም ይሄዳል። ማዶ ያሉት ቆርጠው ነበር፤ በጋ በጋ ምንጫቸው ይደርቃል፤ ከእኛ ነው መጥተው የሚቀዱት።"

"እሺ ቡናውን ሳታደርቁ በቀይ ሽጡት።"

"የሚገዛው መኪና በዚህ ጭቃ መቼ ይመጣል?" አለ ከድር። "ያደረ ቀይ ቡና ማን ይፈልገዋል?"

"ውሃ ቁልቁል ወርደሽ ታገኛለሽ" አሉ አቶ በየነ። "ፀሐይ ግን የት ወርደሽ ታመጫለሽ?"

"የሚወርደው ማነው? እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው። አፌ አያርፍም። ወንድ ጀሪካን አዝሎ ምንጭ ዳር ቢታይ መንደሩ እስከ ፋሲካ ይስቅበታል፤ ያን ከሳዓዳ ነው የሰማሁት።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ የመንደሩ ወንዶች ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሄጄ መሃላቸው ቆምኩ። ከድር በሃፍረት ሊሞት። "ሶላሩን ግማሽ ቀን እንኳ ወደ ቦታው መልሱት" አልኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዱኝ፣ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ። ፀሐይዋ ገላጣው ላይ የምትገባው ረፋድ ነው፤ የምትወጣው ከሰዓት ገና ሳይመሽ ነው። ለሁለት ብትከፈል ቡናውም አይደርቅ፣ ሮቶውም አይሞላ። የሁሉም ተራ ሲያልቅ፣ ከታኅሣሥ ወዲያ ሶላሩ ይመለሳል።

"ሳዓዳ ታኅሣሥ አትደርስም" አልኩ።

ክፉዎች አይደሉም፤ ይሄንን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ። ያን ቀን እንኳ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ማር፣ አንዱ የሙዝ ዘለላ ይዞ "ለእንግዳችን" እያለ ቤት ድረስ መጥቷል። ግን ተራው የከድር ነበር። እሱ አልጋዎቹን ካላነሳ ማን ያነሳለታል?

ቤት ገብተን ጮህኩበት። በልጅነቱ አዝለው በነበረው ልጅ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። "ሁለት ልጅ ቀብረህ ሦስተኛውን ለቡና ትሰጣለህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ለሁለት ሳምንት ዘንቦ ዛሬ ገና ወጣች ፀሐይ" አለኝ። "ቡናው ከሥር ነጭ ነጭ ማለት ጀምሯል። እሱ ከሻገተ የዓመት ቀለባችን እሱው ነው። ልጁ ተወልዶ ምን ይብላ? አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ይብላ?"

እኔ ዘይነባ፣ አፌ የማያርፈው፣ ዞሬ ለገንፎው ቅቤ ማቅለጥ ያዝኩ።

"ደግሞ ውሃውን ልጆች ያመጡላታል" አለ፣ ወደ ሳዓዳ ዞሮ። "አይደለም እንዴ?"

"ያመጣሉ" አለች። ገንፎ ታማስል ነበር፤ ቀና አላለችም። ከድር ወደ ቡናው ሄደ።

ቅዳሜ

ለሱብሂ ተነሳሁ። ማሰሮው ባዶ ነው። ያን ጊዜ ብቻ ነው ባዶ ያገኘሁት። "ሳዓዳ!" ብል መልስ የለም። መኝታዋ ቀዝቅዟል። አንድ ጀሪካን ከቦታው የለም።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጎህ እየቀደደ ነበር፤ ጫማዬ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ከደረጃው ግማሽ ላይ አገኘኋት። በጎኗ ወድቃለች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። ጀሪካኑ ተንከባሎ ዛፍ ይዞታል፤ ውሃው ይንዶቀዶቃል።

"እትዬ፣ አይቆጡኝ" አለችኝ።

"የጎረቤት ልጆችስ? የጎረቤት ልጆችስ የት አሉ?"

"ቡናው ከቀላ ጀምሮ ሁሉም ለቀማ ላይ ናቸው። ማንም የለም።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም? ለምን ለባልሽ አትነግሪውም?"

"እሱ ቢያውቅ ቡናውን ይተወዋል" አለች። ከዚያ አንድ ሕመም መጣባትና ጥርሷን ነከሰች። ሲለቃት "እርስዎ ደግሞ እንግዳ ነዎት" አለችኝ።

እግሬን ሁለቴ ታጥቤያለሁ። ልብሴን አለቅልቄያለሁ። በየጠዋቱ ገላዬን ታጥቤ "ውሃ አገር" እያልኩ ተዝናንቻለሁ። እኔ፣ በጋሪ ውሃ ያደግኩ ሴት! እያንዳንዷን ጠብታ እሷ ናት በዚያ ገደል ያወጣችው፣ ከነሆዷ፣ ሰው ሳይነቃ። ራሴን በጥፊ መታሁ። ከዚያ ጮኽኩ፤ ያ ጫካ እንደዚያ ያለ ጩኸት የሰማ አይመስለኝም።

ሴቶቹ ናቸው የደረሱልን፤ ቀጥሎ ወንዶቹ። ቃሬዛ አቶ በየነ ከቤታቸው አመጡ። ከድር ከገላጣው እየሮጠ መጣ፤ እንዳያት የቃሬዛውን ራስጌ ያዘ። በዚያ ጭቃ እየተቀባበሏት፣ አንዱ ሲያዳልጠው ሌላው እየገባ፣ መኪና እስከሚደርስበት አወጧት። አንድ አይሱዙ ቆሞ ቡና ይጭን ነበር። ሾፌሩ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። "ጋቢናው ውስጥ ግቡ" ብሎ መጫኑን አስቁሞ ሞተሩን አስነሳ።

ከድር ሊሳፈር እግሩን አንስቶ ቆመ። ወደ ሰዎቹ ዞረ።

"አልጋዎቼን አንሱ" አለ።

አቶ በየነ ቀረቡ። "ከድር፣ ዛሬ ፀሐይ ነው። ቡናው ዛሬና ነገ ብቻ ቢያገኝ ይድናል። እኛ እናገላብጥልህ።"

"አንሱት አልኩ!" ብሎ ጮኸ። ከድር ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። "መሃሉን ልቀቁ። ሶላሩን መልሱ። ዛሬውኑ!"

መኪናው ተንቀሳቀሰ። የሳዓዳ ራስ ጭኔ ላይ ነበር። በዚያ መንገድ ያልወጣ ዱዓ የለኝም፤ የማውቀውን ሁሉ አድርሼ ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። ሾፌሩ ክርስቲያን ነው፤ እሱም በራሱ በኩል ማርያምን ይጠራል። ቴፒ ሐኪም ቤት ስንደርስ አስገቧትና በሩን ዘጉብን። እኔና ከድር ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን። የጭቃ ሰዎች መስለናል። የሚያልፉት ሴቶች፣ ማን እንደሆንን የማያውቁ፣ አንዷ ውሃ፣ አንዷ ዳቦ ሰጡን። ውሃውን እጄ ላይ ይዤ መጠጣት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ወጣች። "ሴት ናት" አለችን። "ትንሽ ናት፣ ቀኗ አልሞላም። ግን ትተነፍሳለች፤ ጮኻለችም።" ከድር መሬት ላይ ተደፋ። እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ነርሷ "ኧረ እትዬ፣ ሕመምተኛ አለ!" ብትለኝ ማን ሊሰማት።

እሁድ

ሳዓዳ ሌሊቱን ስታንቀላፋ አድራ ጠዋት ነቃች። ልጅቱን ደረቷ ላይ፣ ገላዋን ከገላዋ አጣብቀው አስረውላታል። ልጅቷ ከእጄ መዳፍ ብዙም አትበልጥም። ደጋግሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ረፋዱ ላይ አቶ በየነ ደወሉ። ከድር ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሰማቸው፤ እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

"ልጅህን እንኳን ማረልህ። ውሃው ወጥቷል፤ ሮቶው እየሞላ ነው" አሉ። ከኋላቸው የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቡናህን በየቤታችን ተካፍለን ምድጃ ዳር አስጥተነዋል። ግን እውነቱን ልንገርህ ልጄ፣ ሻጋታው ገብቶበታል። ለገበያ አይሆንም።"

"እሺ አባቴ" አለ ከድር። ስልኩን ኪሱ ከተተና ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

ሳዓዳ ቀና ብላ አየችው። የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ስለ ሕመሟ አይደለም፤ ስለ ልጅቷም አይደለም።

"ቡናው ደረቀ?" አለችው።

እኔ "ደርቋል" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አራስ ናት፣ ሆዷ አይባባ ብዬ። ከድር ቀደመኝ።

"አልደረቀም" አላት። "ውሃው ግን ወጣ።"

ሳዓዳ አየችው፣ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ከወንድሜ ቤት እሷ ታርሳ እስክትነሳ ቆይቼ ነው የተመለስኩት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያን ቀን ለየትኛው እንዳለቀሰች አልጠየቅኳትም።